ለሠርግና ለመድረክ፦ አንድ 17-55 ዙም ወይስ ሁለት ፕራይም?

ካዛንቺስ_ፎቶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው በካኖን 80 ዲ እና አብሮት በመጣው 18-55 ኪት ሌንስ ነው። ሥራዬ ከመሀል ከተማ ብዙም አይወጣም፤ ሠርግ፣ መልስ፣ ልደት፣ አልፎ አልፎ የመድረክ ዝግጅት። ጊዜ ሳገኝ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የመንገድ ፎቶ አነሳለሁ። ኪት ሌንሱ ማታ አዳራሽ ውስጥ አልበቃ ብሎኛል። በያዝኩት ገንዘብ ወይ ያገለገለ 17-55 ኤፍ 2.8 ዙም (ከ17 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚቀያየር)፣ ወይ 50 ኤፍ 1.8 እና 85 ኤፍ 1.8 ፕራይም (ሚሊሜትራቸው የማይቀያየር) ሌንሶች አንድ ላይ መግዛት እችላለሁ፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። አንዱ "ፕራይም ነው የሚጠራው" ይለኛል፣ ሌላው "ያለ ዙም ሠርግ አይሞከርም" ይላል። ለእኔ ሥራ የቱ ይሻላል? ምክንያቱን ጭምር ንገሩኝ። እህታችሁ።

የአዳራሽ_ብርሃን፦
እህቴ፣ የጥራቱን ወሬ ለጊዜው ተዪውና ከምትቆሚበት ቦታ ጀምሪ። የ80 ዲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ስፋቱ 22.3 ሚሜ ነው። 22.3ን በሌንሱ ሚሊሜትር አካፍለሽ በርቀትሽ ስታባዢው ፍሬሙ ውስጥ የሚገባልሽን ስፋት ታገኛለሽ። በ50 ሌንስ ከ4 ሜትር ርቀት 1.8 ሜትር ገደማ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሦስት ሰዎች ማለት ነው፣ አራተኛው ይቆረጣል። የሙሽሪት ቤት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጀርባሽን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽም ቢሆን ሳሎኑ ከዚያ በላይ ርቀት አይሰጥሽም። ተደርድረው 4 ሜትር የያዙ ቤተሰቦችን ለማስገባት በ50 ወደ 9 ሜትር መራቅ አለብሽ፤ በ17 ግን ከ3 ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ይበቃል። 85 ደግሞ ካሜራውን አቁመሽ እንኳ አንድ ሰው ከእግር እስከ ራስ ለማስገባት 8 ሜትር ይፈልጋል።

ሚዜዎቹ በር ላይ ሲጋፉ፣ ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ሲስሙ፣ ይህ ሁሉ በጠባብ ቦታ አንዴ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ሌንስ እየቀየርሽ ያልፍሻል። የእኔ ምርጫ 17-55 ነው።

ፒያሳ_50፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ኪት ሌንሷን እኮ አትጥለውም። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙራ 18-55ን በኤፍ 5.6፣ በአይሶ 800 (አይሶ ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት ነው) በደንብ ታሠራዋለች። ችግሩ ያለው ፍላሽ የማያዋጣበት ቦታ ነው፦ ጣሪያው የራቀ አዳራሽ፣ መድረክ፣ ካህናቱ ፍላሽ የከለከሉበት ተክሊል።

ኪቱ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 2.8 የዚያን 4 እጥፍ፣ ኤፍ 1.8 ደግሞ ወደ 10 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በ1/125 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት ኪቱ አይሶ 12800 በሚጠይቅበት አዳራሽ 2.8 ሌንስ 3200 ይበቃዋል፣ 1.8 ሌንስ 1250። እስክስታ ሲመጣ ደግሞ 1/125 ትከሻውን ያደበዝዘዋል፤ 1/400 ያስፈልጋል። ያኔ በ2.8 አይሶው 10000 ይገባል፣ በ1.8 4000 ላይ ይቆማል። የ17-55 አይኤስ (የምስል ማረጋጊያው) የራስሽን እጅ መንቀጥቀጥ ነው የሚያረጋጋው፣ የጨፋሪውን ትከሻ አያቆምልሽም።

ለመንገድ ደግሞ ክብደቱን አስቢበት። 50ው ኤስቲኤም (የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው) 160 ግራም ነው፣ 17-55ው 645 ግራም። ትልቅ ሌንስ ሲደገንበት ሰው ወዲያው ፊቱን ይለውጣል። እንዲያውም ፒያሳ ላይ 50 በ80 ዲ ይጠባል፤ ለዚያ የሚመቸው 24 ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም ነው፣ 125 ግራም ብቻ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ።

የአዳራሽ_ብርሃን፦
የፍላሹን ነገር እቀበላለሁ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን 1.8 ላይ ሲከፈት ምን እንደሚጠፋ ካልተነገራት ትታለላለች። በ50 ኤፍ 1.8 ከ2 ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፎከሱ ሙሽሪት ላይ ሆኖ ሙሽራው ከጎኗ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ካለ ፊቱ ይደበዝዛል። ሁለት ሰው ከሆኑ ኤፍ 4፣ ሁለት ረድፍ ከሆኑ ኤፍ 5.6 ወይም 8 ትገቢያለሽ፤ እዚያ ላይ ከዙሙ የሚለየው ነገር አይኖርም። ስለዚህ የ1.8 ጥቅም አንድ ሰው ብቻ ስታነሺ ነው።

ሌላም አለ። ነጭ ነጠላ ከጀርባ ብርሃን ሲመታው 50ው በ1.8 የጨርቁን ጠርዝ ሐምራዊ ያደርገዋል። ወደ 2.8 ስትዘጊው ይቀንሳል። ቀን ላይ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ኤፍ 1.8 በአይሶ 100 ሹተሩን 1/8000 ያደርሰዋል፤ የ80 ዲ መጨረሻ ያ ነው። ፍላሽ ልጨምር ካልሽ በተለመደው መንገድ ከ1/250 በላይ አይሄድም፣ ስለዚህ ውጭ በፍላሽ በሰፊው ከፍቶ ማንሳት ያለ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ወይም ያለ ሃይ ስፒድ ሲንክ (ፍላሹ በፈጣን ሹተር እንዲሠራ የሚያደርግ ቅንብር) አይሆንም።

ራስ_መኮንን_ድልድይ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን መልሱ ያለው የራሷ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ላይትሩም (የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም) ካለሽ ላይብረሪ ውስጥ የፊልተር መስመሩን ክፈቺ፣ ሜታዳታ የሚለውን ምረጪ፣ ከዓምዶቹ አንዱን ወደ ፎካል ሌንግዝ (የሌንሱ ሚሊሜትር) ቀይሪው። ስንት ፎቶ በስንት ሚሊሜትር እንዳነሳሽ ይደረድርልሻል። ሠርጉንና መድረኩን ለየብቻ እዪ፤ አንድ ላይ ከደባለቅሽው ምንም አይነግርሽም። ቁጥሩን ስታዪም ያስረከብሻቸውን ብቻ ቁጠሪ፣ የጣልሻቸውን ተዪ። 55 ላይ የተከማቸ ብዙ ከሆነ "ከዚህም በላይ ብቀርብ" እያልሽ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌንስ ለውጠው "ቀለሙ ይቀያየራል" የሚሉ አሉ። ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲና ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጊው፣ ወይም 80 ዲ ላይ ያለውን አንቲ ፍሊከር አብሪው።

ካዛንቺስ_ፎቶ፦
አሁን አየሁት። ሠርግና መልስ ላይ ያስረከብኳቸው አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 መካከል ናቸው። የመድረኩ ከሞላ ጎደል ሁሉም 55 ላይ ነው።

ራስ_መኮንን_ድልድይ፦
እንግዲያው 50ው ከሁለቱም ሥራሽ ውጪ ወደቀ፤ ለሠርግ ይጠባል፣ ለመድረክ ያጥራል። ገንዘብ የሚያስገባልሽ ሠርጉ ስለሆነ 17-55ን አስቀድሚ። ቀጥሎ 85 ኤፍ 1.8ን ግዢ፤ 425 ግራም ነው፣ ከ6 ሜትር ርቀት በ1.8 ጥልቀቱ 34 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ማይክ የያዘ አንድ ዘፋኝ ሙሉ ፊቱ ይጠራል። ከ85 ሴንቲሜትር በታች ግን አይፎክስም፣ ለቀለበት አትቁጠሪው። መድረኩ ከበዛብሽ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፣ የፒያሳ_50 ሐሳብ ያኔ ያሸንፋል።

ሌንስ_ጠጋኝ፦
ያገለገለ 17-55 ስትገዢ ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂ። የስልክ መብራት ከኋላ በኩል አብሪበትና ከፊት ተመልከቺ። የፊተኛው መስታወት ሥር አቧራ ይኖራል፤ ይህ ሌንስ በዚያ የታወቀ ነው፣ ፎቶ ላይ አይወጣም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሚበት እንጂ አትሽሺው። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየሽ ግን ሻጋታ ነው፣ ተዪው፤ ክረምት ሲገባ ይስፋፋል።

ከዚያ በኤም ሞድ (ሁሉን በእጅ በምታስተካክዪበት) ኤፍ 11 ላይ አድርገሽ በ17፣ በ24፣ በ35፣ በ55 አንድ አንድ ፎቶ አንሺ። ካሜራው አንዱ ላይ ኤረር 01 ካወጣ የአፐርቸሩ (የብርሃን መክፈቻው) ፍሌክስ ኬብል፣ ማለትም ተጣጣፊው ሽቦ፣ እየተበጠሰ ሊሆን ይችላል። ኬብሉ ዙሙ ሲዞር ስለሚታጠፍ አንዱ ቦታ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ እምቢ ሊል ይችላል፣ ለዚህ ነው አራቱንም የምትሞክሪው። አይኤሱን አብርተሽ በ55 ቁልፉን በግማሽ ተጫኚ፤ በቪውፋይንደሩ (በዓይን በምታዪበት መስኮት) የሚታየው ምስል ከዘለለ ወይም ከተንቀጠቀጠ ሌላ ፈልጊ። በ17 ኤፍ 2.8 ጡብ ያለው ግድግዳ ፊት ለፊት አንሺና አራቱን ማዕዘን አስተያዪ፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ፎከሱን በቪውፋይንደርና በላይቭ ቪው (በኋላው ስክሪን) አንድ ነገር ላይ አነጻጽሪ። ላይቭ ቪው ጠርቶ ቪውፋይንደሩ ከሳተ አትደንግጪ፣ 80 ዲ የኤኤፍ ማይክሮአድጀስትመንት (ፎከሱን በጥቂቱ ማረሚያ) ስላለው የ17ቱን ጫፍና የ55ቱን ለየብቻ ታስተካክዪዋለሽ። ፊልተሩ 77 ሚሜ ነው። ሁዱ (የሌንሱ የብርሃን መከለያ) ኢደብሊው-83ጄ ይባላል፤ ከሌንሱ ሳጥን ጋር አብሮ ስለማይመጣ ሻጩ እጅ ካለ አብረሽ ጠይቂው፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ይህ ሌንስ ያለ ሁድ ቶሎ ነጭ ጭጋግ ያወጣል።