በባሌ ተራሮች ለስምንት ቀን ጉዞ ስንቅና ጓዛችንን እንዴት እናሰናዳ?

ጠያቂው

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ በታኅሣሥ ወር ከዲንሾ ተነሥተን፣ የዌብን ሸለቆ ይዘን ወደ ሳነቴ አምባ ለመውጣት፣ ከዚያም በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን ለመውረድ አስበናል። ጉዞው ስምንት ቀን ያህል ይፈጅብናል ብለን ገምተናል፤ በመካከሉ ሱቅም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመር እንደማናገኝ ቆጥረን ነው የምንሰናዳው። መንገድ መሪና የጭነት ፈረስ ከዲንሾ እንከራያለን። ሁላችንም የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ስንሆን፣ ከአንድ ሌሊት በላይ ድንኳን ውስጥ ያደረ ከመካከላችን የለም። የጻፍነው ዝርዝር ግን ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ፣ ሦስት ዓይነት ቢላዋ፣ መጥረቢያና የዓሣ መንጠቆ ሳይቀር ገብቶበት አራት ትልልቅ ሻንጣ ሞልቷል። ምኑን እንተው? ምኑንስ ጨርሶ መርሳት የለብንም? በተለይ ስለ ምግብ፣ ስለ ውኃና ስለ ሌሊቱ ብርድ የምታውቁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

የጎባ ልጅ

መጥረቢያውን ቤት ተዉት። በፓርኩ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ ሳነቴ ላይ ከጅባራና ከአጫጭር ቁጥቋጦ በቀር የሚቆረጥ ነገር አይገኝም። ቢላዋም አንድ ይበቃችኋል። ዌብ ወንዝ ውስጥ ዓሣ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እራቱን ከመንጠቆ የሚጠብቅ መንገደኛ ጾሙን ሊያድር ይችላል።

እኔን ከዝርዝሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዕቃው የሚጓዝበት መንገድ ነው። ባለፈረሱ ብዙውን ጊዜ ከተጓዡ ጋር እኩል አይሄድም፤ ወይ ቀድሞ ማደሪያው ይደርሳል፣ ወይ ለፈረሱ የሚመች ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። በዚህ መሐል ጉም ከወረደ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ እግሩ ከተወለከፈ፣ ፈረሱ ላይ ያለው ድንኳንም ሆነ ምግብ ለጊዜው የእናንተ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ከጀርባችሁ በማይወርድ ትንሽ ቦርሳ አንድ ሌሊት ሊያሳድር የሚችለውን ሁሉ ያዙ፦ የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም የሱፍ ሹራብ፣ ቆብና ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ እፍኝ ሁለት እፍኝ ቆሎ፣ ፊሽካ፣ እንዲሁም ሰው ሙሉ በሙሉ የሚያስገባ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከሰባት ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል።

የቀረው ወደ ፈረሱ ይሂድ፤ ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ግን ለፈረስ ጭነት አይሆንም። ዕቃውን መጀመሪያ በወፍራም ላስቲክ፣ ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ በሁለት እኩል ጭነት ብትከፍሉት ባለፈረሱ ያመሰግናችኋል። የመኝታ ልብስና ካልሲ ለብቻ በላስቲክ ይታሰር፤ ቀን ፈጽሞ አይለበስ።

ጠያቂው

ስለ ምክርዎ እናመሰግናለን። ስሊፒንግ ባግ ዋጋው ስለከበደን በምትኩ ለየሰው ሁለት ሁለት ጋቢ ለመያዝ አስበን ነበር፤ ይህ ያዋጣል?

የጎባ ልጅ

አያዋጣም። የሳነቴ አምባ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እናንተ የመረጣችሁት ወቅት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ሌሊቱ እጅግ የሚበርድበት ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ መውረዱ ተመዝግቧል። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ጤዛ ከነካው ይከብዳል፣ ሙቀቱንም አይይዝም። ስሊፒንግ ባጉን ተከራዩ ወይም ተዋሱ፤ አንድ ጋቢ ከላዩ ቢደረብ ግን ጥሩ ነው። ከሥር የሚነጠፍ የስፖንጅ ምንጣፍም አትርሱ፤ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ ማንኛውም ብርድ ልብስ ብቻውን አይመልሰውም።

ባለበሶ

ስለ ምግቡ እኔ ልመልስ። በ4,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ባቄላም ሆነ ምስር ጋዛችሁን ጨርሶ ሳይበስል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተቆልቶና ተፈጭቶ ያለቀለትን እህል ያዙ፤ በሶ፣ ምጥን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ። በሶ ጨርሶ እሳት የማይፈልግ በመሆኑ ምድጃው ቢበላሽ እንኳ የሚያድናችሁ እርሱ ነው። ቅቤ በክብደቱ ከእህል ሁለት እጥፍ ያህል ኃይል ስለሚሰጥ ጭኮ ለብርድ ወደር የለውም። ጉዟችሁ በነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል ለሚጾመው ሰው በቅቤው ፈንታ ዘይት፣ የተቆላ ሰሊጥና ለውዝ አስቡለት፤ ቋንጣም ለማይጾመው ይሁን።

ለአንድ ሰው በቀን 750 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ብትይዙ ለአራታችሁ በስምንት ቀን 24 ኪሎ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የአንድ ቀን መጠባበቂያ ጨምሩ። የመንገድ መሪውና የባለፈረሱ ስንቅ በማን በኩል እንደሆነ ከዲንሾ ሳትነሡ ተነጋገሩ፤ ብዙ ቡድን በመንገድ ላይ የሚጣላው በዚህ ነው።

ለማብሰያ ነጭ ጋዝ የሚጠቀም ትንሽ ምድጃ ይመቻል፤ የጋዝ ቆርቆሮ ከያዛችሁ ግን ብርድ ስለሚያዳክመው ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር። ድንኳን ውስጥ ግን ምንም ዓይነት ምድጃ አታቀጣጥሉ፣ የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል። በሸለቆው የምታገኙት ምንጭና ጅረት ከብት የሚጠጣበት ስለሆነ፣ ጥርት ብሎ ቢታይም ለሦስት ደቂቃ ይፈላ። ውኃ አጋር የሚባለው በክሎሪን የተሠራ የውኃ ማከሚያ ለመንገድ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ክሎሪን የማይገድላቸው ጥገኛ ተሕዋስያን ስላሉ ማፍላቱን አይተካም።

የጤና ባለሙያ

ከላይ በተባለው ላይ ስለ መድኃኒት ከረጢቱ ጥቂት ልጨምር። አዲስ አበባ መኖራችሁ ለከፍታው መጠነኛ ልምድ ቢሰጣችሁም፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ እዚያው እደሩ፤ ሰው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ጨለማም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ አለበት። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው የመኪና መንገድ ሳነቴን ስለሚያቋርጥ፣ ከእያንዳንዱ ማደሪያ ወደዚያ መንገድ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ መሪያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከረጢቱ ውስጥ ፓራሲታሞል፣ ለምለም (ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት)፣ ፋሻ፣ ፕላስተርና ሰፋ ያለ ሳሙና ይኑር። ሳሙናውን የጠቀስኩት ለንጽሕና ብቻ አይደለም። የዌብ ሸለቆ እረኞች ውሾች አሏቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሾቹ ወደ ቀይ ቀበሮው እየተሻገረ በተለያየ ጊዜ ብዙ ጨርሷል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ጉዞውን አቋርጦ ክትባት ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።

የጎባ ልጅ

አንድ ነገር ቀርቶብኛል። ከሪራ በታች ሐረና ስትገቡ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ስለሚሆን የሳነቴው ወፍራም ልብስ ሸክም ብቻ ነው የሚሆንባችሁ። ወደ ጎባ በሚመለስ መኪና ለምታምኑት ሰው ላኩትና ቀለል ብላችሁ ውረዱ፤ የዝናብ ልብሱን ግን እንዳትልኩት።