ዲኤንኤ ማግኔታማ ቢድ ላይ የሚጣበቀው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የፒሲአር (የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ) ምርቴን የማጠራው ካርቦክሲል የሚባል የኬሚካል ቡድን በተቀቡ ማግኔታማ ቢዶች (ማግኔት የሚስባቸው ደቃቅ እንክብሎች) ነው። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ካርቦክሲሉም እንደዚያው። ታዲያ እንዴት ይያያዛሉ? ደግሞ በመጨረሻ የማገኘው ዲኤንኤ በጣም ትንሽ ነው። ማግኔቱ ደክሞ ይሆን? ልጆች፣ እባካችሁ እርዱኝ።

የላብ ሰው፦ ማግኔቱን ተይው እህቴ። እሱ የሚስበው ቢዱ ውስጥ ያለውን የብረት ኦክሳይድ እንጂ ዲኤንኤውን አይደለም። ዲኤንኤውን ቢዱ ላይ የሚያሳርፈው መፍትሄው ነው፤ ፒኢጂ (ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ፖሊመር) እና ጨው። ሶዲየሙ የሁለቱንም ቻርጅ ይሸፍናል፣ መገፋፋቱ ይቀንሳል። ፒኢጂ ደግሞ ውሃውን ይሻማል፣ ቦታውንም ያጣብባል። ዲኤንኤው ይሰበሰብና ቢዱ ላይ ይለጠፋል። በኋላ ንጹህ ውሃ ስትጨምሪ ሁለቱም ስለሌሉ መልሶ ይሟሟል።

ረጅም ዲኤንኤ ቶሎ ይያዛል፣ አጭሩ ብዙ ፒኢጂ ይፈልጋል። የቢዱ መፍትሄ ከናሙናው ስንት እጥፍ ነው? ምርትሽስ ስንት ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) ነው?

ጠያቂ፦ 150 ገደማ። የተሰጠኝ ፕሮቶኮል 0.8 እጥፍ ይላል።

የላብ ሰው፦ በቃ ተገኘ! በ0.8 እንዲህ አጭር የሆነ ዲኤንኤ ከፈሳሹ ጋር ይሄዳል። 1.8 አድርጊው። የቀዳሽውን ፈሳሽ ካልደፋሽው ደግሞ ምርትሽ እዚያ ውስጥ ነው። ድምሩ 1.8 እስኪሆን የቢድ መፍትሄ ጨምሪበትና እንደገና ያዢው።

ፒፔት፦ እኔ ስለ እጥበቱ ልጨምር። ኤታኖሉ 80 ከመቶ ይሁን፣ በዕለቱ የተዘጋጀ። ውሃው ከበዛ ዲኤንኤውን ያጥብብሻል። ቢዱንም እስኪሰነጣጠቅ አታድርቂው፣ ዲኤንኤው አልለቅ ይላል። ኤታኖል ከቀረ ግን ቀጣዩን ፒሲአር ያበላሻል። ከማድረቅሽ በፊት የቲዩቡን ታች በትንሽ ፒፔት ምጠጪው። ቢዱን ከፍሪጅ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፣ በደንብም አዋህጂው። ፒኢጂ ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብለሽ ቅጂ።

እንግዳ፦ ጣልቃ ልግባና፣ ለምን ይቀባል? ባዶው ብረት ኦክሳይድ አይበቃም?

የላብ ሰው፦ ባዶው የዲኤንኤውን ፎስፌት አጥብቆ ይይዛል፣ መልሶ ማስለቀቁ ነው ጣጣው። የሚለቀቀው ብረትም ፒሲአርን ያውካል። ቅባቱ ሲሊካ ከሆነ ግን ፕሮቶኮሉም ሌላ ነው። እዚያ የሚሠራው ጓኒዲን የሚባል ጨው ነው፤ ዘዴው ከ1990 ጀምሮ ይታወቃል። የሁለቱን ባፈር (መፍትሄ) አታቀያይሩ።