ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃውን አላስወጣ ብሏል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልን። በሩ ከፊት የሚከፈተው 7 ኪሎ የሚይዝ ልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አጥቦ ሲጨርስ ውሃውን አላስወጣ ብሏል። መጭመቂያው ላይ ሲደርስ ከሥር በኩል ያጉረመርማል፤ ከበሮው ግን አይዞርም፣ በሩም አይከፈትም፤ ልብሱ እንደተዘፈዘፈ በመስታወቱ ይታየኛል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ውሃው ፈስሶ ታች ቤት እንዳይወርድ ፈርቼ ምንም አልነካሁም። የደወልኩለት ጠጋኝ ደግሞ ማሽኑን እንኳ ሳያይ «ፓምፑ ተቃጥሏል፤ ይቀየራል» አለኝ። ከመቀየሬ በፊት ራሴ ላየው የምችለው ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦
የተቃጠለ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል፣ ማጉረምረሙ መብራት እየደረሰው አንድ ነገር እንደያዘው ያመለክታል፤ በስልክ የተሰጠውን ፍርድ ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ በሙቅ ውሃ ያጠቡ ከሆነም እስኪበርድ ይታገሡ። ከፊት ለፊት ከታች፣ ብዙውን ጊዜ በስተቀኝ፣ ትንሽ ክዳን አለች፤ ከኋላዋ የፓምፑ ፊልተር ይገኛል። ዝርግ ዕቃ ከሥሩ አድርገው ፊልተሩን ወደ ግራ በትንሹ ብቻ ያላሉት፤ ዕቃው ሊሞላ ሲል መልሰው ያጥብቁ፣ ይድፉ፣ ደግመው ያላሉ። ውሃው ከ10 ሊትር ሊበልጥ ስለሚችል አንድ ጊዜ ከነቀሉት የሚፈሩት ነገር ይደርሳል። ውሃው ካለቀ በኋላ ፊልተሩን አውጥተው ቀዳዳውን በባትሪ ይመልከቱ፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕሮፔለር በጣትዎ ያዙሯት። ውስጧ ማግኔት ስላለ እየያዘች እየለቀቀች መዞሯ ጤንነቷ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል።

መልስ 2፦
ፊልተሩ ንጹሕ ከሆነ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ቱቦ ይመልከቱ፤ ማሽኑ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። የቱቦውን ጫፍ ከፍሳሽ መውረጃው አውጥተው ወደ ባልዲ ያስወጡት፤ በኃይል ከመጣ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የቤቱ ቧንቧ ነው። ቱቦው ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር ይኖርበታል፤ ወለል ላይ ከተተወ ማሽኑ ገና እያጠበ ሳለ ውሃው ራሱን ስቦ ይወጣል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃውን አምስት ጊዜ ከደፋሁ በኋላ አንድ የፀጉር ማስያዣና ባለ 1 ብር ሳንቲም ወጡ፤ ፕሮፔለሯ ላይ ደግሞ የባለቤቴ ነጠላ ክር ተጠምጥሞ ስላገኘሁ በወረንጦ ለቅሜ አወጣሁት። አሁን ማሽኑ ያስወጣል፣ ይጨምቃል፤ ነገር ግን ከፊልተሩ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አያለሁ።

መልስ 1፦
የፊልተሩ የጎማ ቀለበት ላይ ክር ወይም የሳሙና ቅሪት ቀርቶ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅለው ቀለበቱንም የሚቀመጥበትንም ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሲመልሱት ጥርሱ ሳይዛነፍ እስከ መጨረሻው ያጥብቁት። ጎማው ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ፊልተሩ ራሱ ይቀየራል።