ጉልበቴ ወልቆ ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ 7 ሳምንቴ ነው፣ አልታጠፍ አለኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ወልቆ (ሎሚው ሳይሆን መገጣጠሚያው ራሱ) ሦስት ጅማት ተበጥሶብኝ ተሰርቶልኛል። ብሬስ (የጉልበት ደጋፊ) አድርጌ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው፣ ከ70 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም፣ ጭኔማ በጣም ከስቷል፣ ሌሊት ሳስበው እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ያለፋችሁበት እስቲ ንገሩኝ፣ መቼ ነው ሰው የሚኮነው?

መልስ 1፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ በ8ኛው ሳምንት 65 ላይ ነበርኩ። ብዙ ጅማት ሲሰራ መጀመሪያ 6 ሳምንት አካባቢ እንዳትረግጥ ስለሚከለክሉህ መድረቁ ያለ ነው። እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ማጠፉን ብቻ ሳስብ መዘርጋቱን መርሳቴ ነው፣ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ስትሄድ ታነክሳለህ የጭን ጡንቻም በደንብ አይሰራም። ተረከዝህ ስር ፎጣ ጠቅልለህ አድርግና ጉልበትህን ወደ ታች እየተጫንክ ጭንህን 5 ሰከንድ አጥብቀህ ያዝ፣ በቀን ደጋግመህ። ከጉልበት ስር ትራስ አታድርግ በናትህ፣ ይመቻል ግን እንደታጠፈ ያስቀርሃል። ለመሮጥ እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መልስ 2፦
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የትኛው ጅማት ነው የተሰራልህ? የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ካለበት በራስህ ጡንቻ ተረከዝህን ወደ ቂጥህ መሳብ ለወራት ክልክል ነው፣ ስለዚህ የሌላ ሰው እንቅስቃሴ አይተህ አትቅዳ። ሰው በጉልበት እንዲያጥፍልህም አትፍቀድ። ወራት አልፈው ንቅንቅ ካላለ በማደንዘዣ የሚታጠፍበት መንገድ አለ፣ እሱን ሐኪምህ ይወስናል። ባትህ ድንገት ካበጠና ካመመህ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቅ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

መልስ 3፦
እግርህን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ማንሳት ትችላለህ? የእህቴ ጉልበት ሲወልቅ ነርቩም ተጎድቶ እግሯ እየተንጠለጠለ ያደናቅፋት ነበር። ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ወራት ጠብቃ ቀስ እያለ መለሰላት፣ እስከዛ ደጋፊ ታስር ነበር።

ጠያቂ፦
እግሬ ይነሳል ተመስገን፣ ከላዩ ትንሽ ይደነዝዘኛል እንጂ። የኋለኛው ጅማት ተሰርቶልኛል፣ እኔ ደግሞ ሰሞኑን ተረከዜን ስስብ ነበር!! ትራሱንም አሁኑኑ አነሳሁት። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ መደንዘዙንም ተረከዜን መሳቤንም እነግራቸዋለሁ።