ከኢየሩሳሌም፦ ስልኬ ሞላ፣ ቪዲዮው ፍላሽ ላይ አልገባ አለኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም መጥቻለሁ። ሐሙስ እንመለሳለን። 128 ጊጋ ስልኬ ጢም ብሏል፤ ትናንት አንዲት ፎቶ እንኳ አላነሳም አለኝ።

ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ኢሜይሌንም ስለሚቆጥር ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ጥቂት ብር ከፍዬ ልጨምር ብል እንኳ የሆቴሉ ዋይፋይ አይረባም። ሌሊቱን ሙሉ ትቼው ጠዋት ሳየው ሦስት ፎቶ ብቻ ነው የጫነው።

ላፕቶፕ አልያዝኩም። ያለኝ 32 ጊጋ ፍላሽና ኦቲጂ (ፍላሹን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ) ነው። ፎቶዎቹን ወደ ፍላሹ ገልብጬ (እዚህ ላይ እንዳትስቁብኝ) ከስልኬ አጠፋኋቸው፤ ስልኩ ግን መልሶ ሞላ። ስለዚህ ያለኝ ቅጂ እሱ ብቻ ነው። ፍላሿን እናቴ ከመቁጠሪያዋ ጋር በመሀረብ ቋጥራ ይዛልኛለች።

ዋናው ጭንቀቴ ቪዲዮው ነው። ቀዳም ሥዑር ማታ ዴር ሱልጣን ላይ፣ ካህናቱ ሻማ ይዘው ሲዞሩ እናቴ መሀላቸው እልል ስትል ቀርጫታለሁ። 5 ጊጋ ሆነ። ፍላሹ ቦታ እያለው "ፋይሉ ትልቅ ነው" ይለኛል። የፍላሹ ፎርማት (ፋይል የሚያስቀምጥበት መንገድ) ፋት32 የሚባለው ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት ወደሚባለው ፎርማት ቀይረው ተባልኩ። ግን ፎርማት ባደርገው ፎቶዎቹ ይጠፋሉ።

ቪዲዮውን ጥራቱ ሳይቀንስ እዚሁ ስልኬ ላይ ለሁለት መቁረጥ ይቻላል? የቆረጥኩትንስ የት አስቀምጠዋለሁ፣ ስልኩ ሙሉ አይደል? ወይስ ሌላ ፍላሽ ልግዛ? ሳምሰንግ ነው፤ ኤክስፋት ያነብልኛል? የሞከራችሁ ካላችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ንገሩኝ፣ በእናታችሁ።