የራስ ሜይል ሰርቨር ከኢንተርኔት አቅራቢው ኢሜይል ጎን፦ ለከተማ ዳር ቢሮዎች ጥቆማ

ጠያቂዋ (ገላን)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ካርቶን የምናመርት ትንሽ ድርጅት ነን። ኢሜይላችን በራሳችን ዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለው ስም) ሆኖ ኢንተርኔት ያስገባልን ድርጅት ጋር ነው ያለው። ኔትወርክ በሄደ ቁጥር የአምና ፕሮፎርማ እንኳን ከፍቶ ማየት አይቻልም፣ ቦታውም ሞልቷል። ቢሮ ውስጥ የራሳችንን ሜይል ሰርቨር እናስቀምጥና ግማሹ ሰራተኛ ወደሱ ይዙር ግማሹ እዛው ይቆይ ብለን ነበር። የሞከረ ካለ ጥቆማ፣ በብር የሚከፈል ቢሆን ደሞ ደስ ይለናል።

ከለገጣፎ፦
እህቴ፣ ግማሹ እዛ ግማሹ እዚህ የሚለውን ነገር ከአሁኑ ተዪው። ከውጭ የሚላክ ሁሉ ኤምኤክስ (የዶሜይኑን ደብዳቤ የሚቀበለው የቱ ሰርቨር እንደሆነ የሚናገር መዝገብ) ወደጠቆመው ሰርቨር ነው የሚሄደው፣ ለእገሌ እዚህ ለእገሊት እዛ ብሎ አይለይም። የቢሮው ሰርቨር ደሞ ዶሜይኑ የኔ ነው ብሎ ካመነ ጉድ ነው፣ ሂሳብ ክፍል ለስቶር ስትጽፍ ደብዳቤው ከግቢ አይወጣም፣ የራሱን ዝርዝር ያይና ስቶር የሚባል ሰው የለም ብሎ ይመልስላታል፣ ስቶሩ ግን እዛኛው ሰርቨር ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ፖስትፊክስ (ደብዳቤ የሚቀበልና የሚልክ የሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ በትራንስፖርት ማፕ፣ የማን ደብዳቤ ወዴት እንደሚሄድ በሚያሳይ ዝርዝር፣ እነእገሌ እዛ ናቸው ብሎ መንገር ይቻላል፣ ግን ሰው በተቀጠረና በለቀቀ ቁጥር የሚያድሰው ልጅ ቢሮ ውስጥ ከሌለ አትጀምሩት።

ከቢሮ በቀጥታ መላክም አይሆንም። ተራ መስመር አይፒው (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩ) ተለዋዋጭ ነው፣ እንደዛ አይነቱን ስፓምሃውስ (አይፈለጌ ኢሜይል የሚከላከል ድርጅት) ፒቢኤል የሚባል ዝርዝር ውስጥ ስለሚያስገባው ብዙ ሰርቨር በር ላይ ይመልስሻል። ጂሜይልም ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም (ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳዩ የዶሜይን ማረጋገጫዎች)፣ ከዛ ላይ ለአይፒው ትክክለኛ ፒቲአር (አይፒው የየትኛው ስም እንደሆነ የሚናገር መዝገብ) ይፈልጋል፣ ፒቲአሩን ደሞ የሚያስገባው የአይፒው ባለቤት ነው እንጂ ዶሜይን የገዛሽበት ቦታ አይደለም። በፎርጂ ራውተር ከሆናችሁማ ጭራሽ ከውጭ መግባትም የለም፣ ራውተሩ ገጽ ላይ ዋን አይፒ (WAN IP) የሚለውን እዪው፣ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አንድ አይፒ ከብዙ ሰው ጋር እየተጋራችሁ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ጥቆማ ኤምኤክሱን አትንኩት፣ የቢሮው ማሽን ራሱ በየ5 ደቂቃው እየሄደ ያምጣ። ፌችሜይል ከአቅራቢው ያመጣል፣ ዶቭኮት ያስቀምጣል፣ ሰራተኛው በሙሉ አውትሉኩን ወደ ቢሮው ማሽን ያዞራል፣ የሚወጣው ደሞ በፖርት 587 በአቅራቢው ሰርቨር በኩል ይወጣል። ኢንተርኔት ቢሄድ አንዴ ያመጣው ሁሉ ቢሮ ውስጥ ይከፈታል። ታዲያ ፌችሜይል ካልነገሩት ያመጣውን ከምንጩ ያጠፋል፣ ኪፕ የምትለዋን ቃል አስገቡና ነገሩ መስራቱን አይታችሁ ስትጨርሱ ከዛ ወዲያ የሚመጣው አቅራቢው ጋር ቦታ እንዳይዝ ታነሷታላችሁ።

ሶፍትዌር ካልሽ ሜልካው ስክሪኑ ያምራል፣ ከሌላ ሰርቨር ማምጫውንም ሲንክ ጆብ ብሎ አብሮ ይዟል፣ ግን 6 ጊጋ ራም ይበላል። ሜይል ኢን ኤ ቦክስ ክላውድ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው የተሰራው፣ ዲኤንኤሱንም (የዶሜይኑን መዝገቦች) እኔ ልያዝ ይላል፣ ለናንተ አይሆንም። እኔ ዴቢያን (ሊኑክስ) ላይ ደረቅ ፖስትፊክስና ዶቭኮት ነው የምጠቀመው፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ፣ ባትሪው ዩፒኤስ ነው በቃ።

ከሰበታ፦
ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው ባክህ፣ ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ተከራይቶ መገላገል ነው። የጀርመኑ ሄትዝነር ርካሽ ነው፣ ፖርት 25ን (ሰርቨር ለሰርቨር ኢሜይል የሚልክበትን በር) መጀመሪያ ዘግቶ ነው የሚሰጠው፣ የመጀመሪያውን ወር ከከፈልሽ በኋላ ጠይቀሽ ታስከፍቻለሽ። በብር ካልሽ ደሞ የጋራ ሆስት (ብዙ ደንበኛ አንድ ሰርቨር የሚጋራበት) አለ፣ ቴሌም ቴሌክላውድ አለው።

ከለገጣፎ፦
ወንድሜ ቪፒኤስ መጥፎ ነው አላልኩም፣ የዶላር ካርድ ያለው ይከራይ። ግን እሷ የጠየቀችው ኔትወርክ ሲሄድ የድሮውን ለማየት ነው፣ ሰርቨሩ ጀርመን ከሆነ ያው ነው።

ጠያቂዋ፦
እሺ ገባኝ። መብራትስ? እኛ ሰፈር ቅዳሜ ከጠፋ ሰኞ ሊመጣ ይችላል።

ከለገጣፎ፦
ምንም አትሆኑም፣ ደብዳቤው አቅራቢው ጋር ተጠራቅሞ ይጠብቃል፣ መብራት ሲመጣ ፌችሜይል ያመጣዋል። የራስ ኤምኤክስ ያለውም ቢሆን ላኪው ሰርቨር ወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ፖስትፊክስ ካልቀየሩት 5 ቀን ይታገሳል። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ዲስኩ ነው፣ ኪፕን ካነሳችሁ በኋላ ያላችሁ ኮፒ እሱ ብቻ ነው። ማታ ማታ በአርሲንክ (ፋይል መገልበጫ ፕሮግራም) ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገልበጥ፣ ኤክስተርናሎቹ ሁለት ይሁኑና አንዱ ሁሌ አለቃሽ ቤት ይደር።