የልጆች የድብርት መድኃኒት፦ ወገን ይዞ የሚናገርን ሰው ምን ያህል እንመነው?

እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ14 ዓመት ልጄ ከመስከረም ወዲህ ከክፍሏ አልወጣ ብላለች። በቅጡ አትበላም፣ ጓደኞቿንም ትታለች። ሐኪሟ ድብርት ነው ብላ ቴራፒ ካስጀመረቻት ሦስት ወር ሆነ፤ አሁን ደግሞ ፕሮዛክ የሚባለውን የድብርት ክኒን እንጨምርላት እያለች ነው። ትናንት ማታ ዘመዴ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ኩባንያዎቹ መድኃኒቱ ልጆችን ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ እንደሚገፋ እያወቁ ደበቁ ይላል። ያዘጋጀው የዜጎች የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የሚባል ድርጅት ነው። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ማንን ልመን?

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ ቪዲዮውን አጥፊው። ስሙ የመንግሥት ይመስላል እንጂ እ.ኤ.አ. በ1969 ሳይንቶሎጂ የሚባለው የአሜሪካ እምነት ድርጅት ሳይካትሪን ይተች ከነበረው ሐኪም ከቶማስ ሳዝ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። ሳይንቶሎጂ ሳይካትሪን፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምናን፣ ከሥሩ ይቃወማል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሳይካትሪን የሞት ኢንዱስትሪ ብለው የሚያሳዩበት ሙዚየም አላቸው። ፍርዱን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ፋርማሲስቷ፦
ስለ ድርጅቱ ያልከው ልክ ነው። ታሪኩን ግን እነሱ አልፈጠሩትም። ጉዳዩ ጥናት 329 የሚባለው ነው። ፓክሲል የተባለው መድኃኒት ድብርት ባለባቸው 275 ታዳጊዎች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ በ2001 በአሜሪካ የልጆችና የታዳጊዎች ሳይካትሪ አካዳሚ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ይሠራል፣ ልጆቹም በደንብ ይችሉታል ተባለ። 22 ስም ሰፍሮበታል፣ ረቂቁን የጻፈችው ግን የፓክሲል አምራች ኩባንያው ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ድርጅት ጸሐፊ ነበረች። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ በ1998 በወጣ የውስጥ ማስታወሻ መድኃኒቱ ፍቱንነቱ አልታየም ብሎ መግለጽ ለንግዱ አይበጅም ተብሎ ተጽፏል። ከሦስት ዓመት በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው። በ2012 አምራቹ ግላክሶስሚዝክላይን ፓክሲልን ለልጆች በማሻሻጡና በሌሎችም ጥፋቶች ጥፋተኛነቱን አምኖ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች ጥሬውን መረጃ እንደገና ሲመረምሩት መድኃኒቱ ከባዶ ክኒን (ለማነጻጸር ከሚሰጠው መድኃኒት የሌለበት ክኒን) አልተሻለም፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብና ድርጊት ግን በዝቶ ተገኘ።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦
ታዲያ ሳይንቶሎጂን እንስማ ነው የምትይው? ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ የፍርድ ቤት ሰነድ ለማገላበጥ ጊዜ የለውም። ምንጩን አይቶ መጣል ወይም መቀበል ብቻ ነው ያለን አቅም።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ በ2001 በዚህ ደንብ ብትሄድ ኖሮ የተከበረውን መጽሔት አምነህ ፓክሲሉን ትሰጥ ነበር። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እነሱን እመኑ አላልኩም። ያሉት ነገር ያለ እነሱ ሊረጋገጥ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ ነው የምለው። ይሄኛው ይረጋገጣል። ደግሞ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሰው ገለልተኛ ሰው አይደለም። በ2004 ኩባንያውን የከሰሰው የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ በምርጫ የሚኖር ፖለቲከኛ ነበር።

ጋሼ፦
እኔ ድሮም ብያለሁ። ሐኪሙም መጽሔቱም ተገዝቷል። ልጅቷን ጠበል ውሰጃት፣ ከቤተሰብ ጋር ታሳልፍ፣ ይለቃታል። ለእኛ ልጆች ክኒን ምን ያደርጋል?

ነርሱ፦
ጋሼ፣ ጠበሉንና ቤተሰቡን አልቃወምም፣ ልጅን ብቻዋን አለመተው ትልቅ ነገር ነው። ግን እኔ በታዳጊዎች የአእምሮ ክፍል ነው የምሠራው፤ ይለቃታል ተብሎ ወራት ከተጠበቀ በኋላ በአምቡላንስ የመጡ ልጆች አይቻለሁ። እባክዎን፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቪዲዮው የተወውን ደግሞ ልንገራችሁ። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ4,400 በላይ ልጆች የተሳተፉባቸውን 24 ሙከራዎች አንድ ላይ አየ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ የታየው መድኃኒት ከወሰዱት 4 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 2 በመቶ ላይ ነው። እጥፍ ነው፣ አልክድም፣ ማስጠንቀቂያውም በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን የገባው ለዚህ ነው። ግን ከእነዚያ ልጆች አንድም ራሱን ያጠፋ የለም። እጥፉን ነግሮ ይሄንን መተው ያው መደበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ፓክሲል ፕሮዛክ አይደለም። ፕሮዛክ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ድብርት በ2003 ተፈቅዷል። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራና በ2004 የወጣ ጥናት አለ፣ 439 ታዳጊዎች፣ 12 ሳምንት። ፕሮዛክና ቴራፒ አንድ ላይ ካገኙት 71 በመቶ ተሻላቸው፣ ፕሮዛክ ብቻ 61፣ ቴራፒ ብቻ 43፣ ባዶ ክኒን 35። አንድ ላይ መሆኑ ይበልጣል፣ የአንቺ ልጅ ደግሞ ቴራፒውን ጀምራለች።

ጋሼ፦
የዚያ ጥናት ክኒን ከየት መጣ?

ነርሱ፦
ከኤሊ ሊሊ፣ ከአምራቹ። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ዋናውን ገንዘብ የሰጠው ግን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ነው። ክኒን መስጠትና ጽሑፉን ማስጻፍ አንድ አይደሉም። ደግሞ ያው ጥናት ራስን የመጉዳት ነገር ፕሮዛክ ብቻ በወሰዱት ላይ በዛ ያለ እንደነበር ራሱ ጽፎታል። የሚጎዳውን ቁጥር ራሱ ያወጣ ጥናት ለእኔ ክብደት አለው።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦
ቁጥሩን ተቀብያለሁ። ግን ከሳሽ ሁሉ እውነት አያወጣም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ ጽሑፍ 12 ልጆች ላይ ነበር፤ ዋናው ጸሐፊ ከከሳሽ ጠበቆች ገንዘብ ይቀበል ነበር፣ በ2010 ጽሑፉ ተሰረዘ። ስንት የእኛ ሰው በሱ ምክንያት ልጁን ሳያስከትብ ቀረ! ሚኒያፖሊስ ያሉ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን በ2017 በኩፍኝ ምን እንደሆኑ ረሳችሁት? እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲላክ ዝም ማለት አልችልም።

ፋርማሲስቷ፦
እሱን አልረሳሁም። ለዚህ እኮ ነው ያለ እነሱ ይረጋገጣል ወይ የምለው፤ ያኛው አልተረጋገጠም። እህቴ፣ ከ2014 ጀምሮ ኩባንያዎች ለየትኛው ሐኪም ስንት እንደከፈሉ በፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ኦፕን ፔይመንትስ ይባላል፣ የሐኪምሽን ስም አስገቢና እዪ። ከጀመራችሁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ዶዝ ሲቀየር በቅርብ መከታተል ግድ ነው።

እናት፦
አየሁት። አንዳንድ ምሳ ብቻ ነው ያለው። ወንድሜ ይቅር በለኝ፣ ቪዲዮውን አላጠፋሁትም። ሐሙስ ቀጠሮ አለን፣ ይዤው እሄዳለሁ። ስለ 329 ስጠይቃት ታውቀው እንደሆነና ምን እንደምትለኝ መስማት እፈልጋለሁ። ሌሊት ልጄ ከተለወጠችብኝ ለማን እንደምደውልም ስልኩን ሳልይዝ ከዚያ ክፍል አልወጣም።